ከጮቄ ውርጭ እስከ ፕራጄላቶ በረዶ

አንድ የአክሱም ዘመን ንጉሥ ወግቶ ያስገበራቸውን አገሮች በአዱሊስ ወደብ በቆመ የድንጋይ ዙፋን ላይ አስቀርጾ ነበር። የንጉሡ ስም የነበረበት የጽሑፉ መጀመሪያ ጠፍቷል፤ ዘመኑ ግን ከክርስቶስ ልደት በኋላ 3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይገመታል። ድንጋዩም ቢሆን ዛሬ የለም። ጽሑፉን ያተረፈልን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ካሌብ ጊዜ፣ ወደ አዱሊስ የመጣው ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ ነው። ንጉሡ ከዘረዘራቸው ዘመቻዎች አንዱ ወደ ሰሜን ተራሮች የተደረገው ነው። ሠራዊቱ ወንዝ ተሻግሮ ሽቅብ ወጣና ብርዱና ውርጩ ዓመቱን ሙሉ የማይለቀው አገር ገባ፤ በረዶው እስከ ጉልበት ይውጥ ነበር ይላል ጽሑፉ። ቆላ የለመደው ወታደር በዚያ በረዶ ውስጥ እግሩን እየነቀለ ሲራመድ ምን እንዳለ ግን ጸሐፊው አልመዘገበም። ንጉሡ የድሉን እንጂ የወታደሩን ምሬት ለማስቀረጽ አልከፈለም።

በአገራችን ታሪክ ሰውና በረዶ ሲገናኙ የተጻፈ ቀደምት ምስክር ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ክርክር ተለወጠ። ክርክሩም በጎጃም በኩል አለፈ።

እ.ኤ.አ. በ1629 የዓባይን ምንጭ ያየው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ፣ በሰሜን ተራሮች፣ እንዲሁም በጎጃም በአንድ ተራራ ላይ፣ ጥቂት በረዶ እንደሚወርድ ጽፎ ነበር። ከ141 ዓመት በኋላ ግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ ይህን ጭራሽ አልተቀበለም። ብሩስ ኢየሱሳውያኑ የጻፉትን ሁሉ በጥርጣሬ ማየት ይወድ ነበር፤ ከእሱ በፊት የዓባይን ምንጭ ማየታቸው እንዳንገበገበው ከመጽሐፉ ይነበባል። ክርክሩን የዘጋው በትግራይ ብዙ ዓመት የኖረው እንግሊዛዊው መርከበኛ ናትናኤል ፒርስ ነው። የሰሜንን ከፍታ ሲያቋርጥ በረዶ አገኘው። የፒርስን ወሬ ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አስገባው፤ የአዱሊሱ ንጉሥም ከአሥራ አምስት መቶ ዓመት በኋላ እውነተኛ መሆኑ ተመሰከረለት።

የሎቦን ቃል ይዞ ወደ ጮቄ የሚወጣ ሰው ግን ብዙ እንዳይጠብቅ እመክራለሁ። ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ በኩል ሽቅብ ሲኬድ ስንዴውና ጤፉ ቀርቶ ገብስና ድንች ይከተላል፤ ከዚያም አስታና ጅብራ ይመጣል። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ እረኛው በበርኖስ ተጠቅልሎ ነው የሚውለው። ነገር ግን ነጭ ሆኖ የሚከርም ነገር የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበቱ ሲበዛ ደመናው ሌሊቱን እንደ ጋቢ ሸፍኖ ስለሚያድር መሬቱ እስኪረጋ አይቀዘቅዝም፤ የሚወርደው ጠጠር በረዶ ነው፣ ገብሱን ደብድቦ በሰዓታት ውስጥ ይቀልጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ይከፋል፣ ሣሩ ላይ ውርጭ ያድራል፤ ያን ጊዜ ግን የሚዘንብ ነገር የለም። ቁሩ ሲመጣ ዝናቡ ይሄዳል፣ ዝናቡ ሲመጣ ቁሩ ይሄዳል። ለበረዶ ሁለቱ አንድ ቀን መገናኘት አለባቸው፤ በ10 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ፣ ጮቄን በሚያህል ከፍታ፣ በቋሚነት አይገናኙም። ከ4,500 ሜትር በላይ ባለው ራስ ዳሸን ላይ እንኳ የሚጥለው በረዶ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው።

ስለዚህ የስኪ ታሪክ በእኛ ተራሮች ላይ አልተጀመረም። የተጀመረው ለመንቀሳቀስ ከበረዶው ጋር መስማማት ግድ በሆነበት በሰሜኑ ዓለም ነው። ኖርዌጂያኑ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገበሬና የወታደር መጓጓዣ የነበረውን ወደ ውድድር ሲለውጡት አንድ ችግር አብሮ መጣ፦ በረዶው በሚያዝያ ይቀልጣል፣ እስከ ኅዳርም አይመለስም። ሯጭ ዓመቱን ሙሉ መሬት አያጣም። የስኪ ተወዳዳሪ ግን ግማሹን ዓመት ሜዳው ከእግሩ ሥር ይሄድበታል።

የመጀመሪያዎቹ መፍትሔዎች አንዳንዶቹ ያስቃሉ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1927 ቪየና ውስጥ አገልግሎት ባቆመ የባቡር ጣቢያ አዳራሽ የበረዶ ቤተ መንግሥት የሚል ስም የተሰጠው ስፍራ ተከፈተ። ቁልቁለቱ ከእንጨት ተሠርቶ፣ በላዩ ከሶዳ የተቀመመ ሰው ሠራሽ በረዶ ተነሰነሰበት። በመክፈቻው ዕለት በከተማዋ ከንቲባ በካርል ሳይትስ ላይ የግድያ ሙከራ ስለተደረገ ጋዜጦቹ ከስኪው ይልቅ ያንን አወሩ። ሶዳው እንደ በረዶ አልንሸራተት አለ፤ ቤቱም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። የበለጠ ዕድሜ ያገኘው የምሥራቅ ጀርመኑ ሃንስ ሬነር ሐሳብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የስኪ ዝላይ መውረጃውን በውኃ በሚርስ የፕላስቲክ ምንጣፍ ሸፈነው። ዛሬም ዘላዮች በበጋ የሚለማመዱትና የሚወዳደሩት በዚሁ ዓይነት ምንጣፍ ላይ ነው።

ለእኛ ታሪክ የሚሆነው ግን ሦስተኛው መንገድ ነው፤ ጎማ። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ በጣሊያንና በሰሜን አውሮፓ የረጅም ርቀት የስኪ ተወዳዳሪዎች አጭር ስኪ ላይ ጎማ እየገጠሙ በበጋ አውራ ጎዳና ላይ መውጣት ጀመሩ። ላላየው ሰው፦ ከክንድ ጥቂት የሚረዝም ቀጭን የብረት ወይም የካርቦን አካል ነው፤ ከፊቱ አንድ፣ ከኋላው አንድ ጎማ አለው። ጫማው የሚታሰረው በጣት በኩል ብቻ ስለሆነ ተረከዝ እንደ ልቡ ይነሣል። በቀጥታ ለሚገፋበት ስልት የሚሠራው ዓይነት፣ አንዱ ጎማ ወደኋላ እንዳይሽከረከር ተቆልፏል፤ እግሩ አቀበቱን የሚረግጠው በዚያ ነው። በእጅ የሚያዙት ሁለት ዘንጎች ጫፋቸው አስፋልት የሚወጋ ጠንካራ ብረት ነው። ፍሬን በአብዛኛው የለውም። ቁልቁለት ላይ የሚያዋጣው ጉልበት ማጠፍ፣ ዳር ላይ ሣር መፈለግ፣ ጸሎት ማብዛት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ያልተጠበቀ ሰው በታሪኩ ውስጥ ያልፋል። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ መራመድ የተሳነው ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1963 ዓ.ም. ለአካል ጉዳተኞች የስፖርት ጨዋታ ወደ ኖርዌይ ተጋበዘ። የሄደው እንደ ክብር እንግዳ ነበር፤ አበበ ግን ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው አልነበረም። በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ፤ ከዚያም ውሾች በሚስቡት የበረዶ ላይ ጋሪ በአገር አቋራጭ ውድድር ገብቶ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ 16 ተወዳዳሪዎችን አሸነፈ። በሮም በባዶ እግሩ፣ በቶኪዮ በጫማ፣ በኖርዌይ ደግሞ በበረዶ ላይ። ይህ ሦስተኛው ድል በአገራችን የአበበ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ከዚያ በኋላ ሌሎች አፍሪካውያን መጡ። ሴኔጋላዊው ላሚን ጌይ እ.ኤ.አ. በ1984 ሳራዬቮ ላይ የቁልቁለት ስኪ ተወዳደረ። ከአፍሪካ ውጭም ጃማይካውያን ጎማ በተገጠመለት መግፊያ ጋሪ ተለማምደው እ.ኤ.አ. በ1988 በካልጋሪ በቦብስሌድ ቀረቡ፤ ዓለምም ሳቀ፣ ፊልምም ሠራበት። በእኛ አካባቢ ይበልጥ የተሰማው የኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት ነው። የስፖርት ትጥቅ አምራቹ ናይኪ ገንዘብ ከፍሎ መካከለኛ ርቀት ሯጭ የነበረውን ቦይትን ወደ ፊንላንድ ላከው። እ.ኤ.አ. በ1998 ናጋኖ ላይ በ10 ኪሎ ሜትር የመጨረሻ ሆኖ ሲገባ፣ አሸናፊው ኖርዌጂያዊ ቢዮርን ዴሊ ሽልማቱን አቆይቶ መድረሻው መስመር ላይ ጠበቀው፤ አቀፈውም። ቦይት በኋላ ለተወለደለት ልጅ ዴሊ የሚል ስም አወጣለት። ታሪኩ ልብ ይነካል፤ ነገር ግን ከጀርባው የነበረው ጥያቄ የንግድ ነው፤ የአፍሪካ ሯጭ ሳንባ በበረዶ ላይ ይሠራል ወይስ አይሠራም? ቦይት ከአንድ ጊዜ በኋላ ስፖንሰሩ ቢተወውም ሁለት ኦሎምፒክ ጨምሮ ተወዳደረ፤ የእሱ መልስ ያ ነው።

የእኛው ሰው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ ውስጥ የተወለደው መስከረም 6 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱ በአራተኛው ቀን። ገና በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ። ትምህርት ቤቱ በኒውዮርክ ግዛት ተራሮች፣ በሌክ ፕላሲድ አካባቢ ነበር። ሌክ ፕላሲድ ሁለት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1980፣ የክረምት ኦሎምፒክ ያስተናገደች ትንሽ ከተማ ናት፤ እዚያ ያደገ ልጅ ስኪ መማሩ የጎጃም ልጅ ፈረስ መጋለብ እንደመልመዱ ነው። ሮቤል በኋላ ለኒው ሃምፕሸር ዩኒቨርሲቲ ቡድን ተወዳደረ። ስለዚህ ከበረዶ ጋር ያስተዋወቀው ስደት ነው። ችሎታው ተሟልቶ ሳለ ግን ለየትኛው አገር ይሰለፋል የሚለው ጥያቄ ሲመጣ የመረጠው የተወለደባትን ነበር።

መምረጡ ቀላል፣ መፈጸሙ ከባድ ነበር። የዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን አንድን ሰው ብቻውን አያውቀውም፤ የሚያውቀው አባል የሆነ ብሔራዊ ፌዴሬሽንን ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ በረዶም፣ ስኪም፣ የስኪ ፌዴሬሽንም አልነበራትም። ሮቤል የመጨረሻውን ከባዶ መመሥረት ነበረበት። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ስኪ ፌዴሬሽን ተብሎ የቆመው ተቋም ለረጅም ጊዜ እሱንና ቤተሰቡን የሚያህል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀጥሎ ነጥብ ማሟላት ነበር። በዚህ ስፖርት ነጥብ ሲያንስ ይሻላል፤ ከአሸናፊው ምን ያህል እንደራቅህ የሚለካ ነውና። በተደጋጋሚ በታወቁ ውድድሮች ገብቶ ነጥቡን ከገደቡ በታች ማውረድ ያስፈልጋል። ያ ሁሉ ጉዞ፣ ያ ሁሉ መመዝገቢያ፣ ያ ሁሉ የስኪ ሰም ከኪስ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ከበረዶ ውጭ የሆነው ክፍል ነው እኔን የሚስበኝ። ሮቤል ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ልምምዱን የቀጠለው በባለጎማ ስኪ ነው። አስቡት፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ሁለት ዘንግ ይዞ አስፋልቱን እየወጋ አቀበት የሚወጣ ሰው። የከተማው ሰው ሯጭ ለምዷል፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ወደ እንጦጦ የሚሮጠውን ዘወር ብሎም አያየው። በአራት እግር እንደሚሄድ እንስሳ እጅና እግሩን እያፈራረቀ በጎማ የሚንሸራተት ሰው ግን ለውሻውም፣ ለታክሲው ረዳትም፣ ለትራፊክ ፖሊሱም አዲስ ነገር ነው። የትንፋሹን ጉዳይ ካነሣን ደግሞ ይህ ለሥልጠና የተመቸ ቦታ ነው፤ አየሩ ቀጭን፣ አቀበቱ ብዙ፣ ክረምት ከበጋ አስፋልቱ የማይቀልጥ።

ለማነጻጸር ያህል፦ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ለአገር አቋራጭ ስኪ ውድድር የሚፈቅደው ከፍታ እስከ 1,800 ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ለተወዳዳሪው ትንፋሽ ይከብዳል ተብሎ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ጮቄ ላይ ተአምር ተፈጥሮ ጥቅምት ሙሉ በረዶ ቢከምር እንኳ ውድድሩ አይፈቀድም ማለት ነው፤ እነሱ ለውድድር ይከብዳል ብለው የከለከሉት አየር ላይ የእኛ ልጆች ትምህርት ቤት በሩጫ ይሄዳሉ።

የካቲት 3 ቀን 1998 ዓ.ም. በቱሪን የክረምት ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ስታዲየሙ ገባ። የያዘው ሮቤል ነው፤ ቡድኑም እሱ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ማዳጋስካርና አልባኒያም ጀማሪዎች ነበሩ። ጣሊያን መሆኑ ለታሪክ ወዳጅ የሚጣፍጥ ነገር አለው፤ አበበም የመጀመሪያ ወርቁን ያመጣው ከዚያው አገር ነው። የካቲት 10 ቀን፣ ከቱሪን በላይ ባለችው በፕራጄላቶ መንደር፣ 15 ኪሎ ሜትር በክላሲክ ስልት ተካሄደ። ኢስቶኒያዊው አንድሩስ ቬርፓሉ አሸነፈ። ሮቤል 83ኛ ሆኖ ገባ፤ ቦይት ከኋላው ነበር። በረዶ ላይ ተወልደው ያደጉ አገሮች ከላኳቸው መካከልም ከእሱ በኋላ የገቡ አልጠፉም ብዬ ለማጋነን አልፈልግም፤ 83ኛ 83ኛ ነው። ነገር ግን ይህ ሰው ለዚያ ውድድር ያለው ፌዴሬሽን፣ አሠልጣኝና በጀት ሁሉ ተደምሮ በአንድ ሻንጣ የሚገባ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 8 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ በቫንኩቨር ኦሎምፒክ ዊስለር ላይ እንደገና ተሰለፈ። ዕድሜው 35 ሆኖ ነበር። ስልቱ በዚህኛው ጊዜ ነጻ ነው፤ ስኪውን እንደ ስኬቲንግ ወደ ጎን እየገፉ መሄድ። ስዊዘርላንዳዊው ዳሪዮ ኮሎኛ ሲያሸንፍ ሮቤል 93ኛ ሆነ። በዚያው ጨዋታ ጋናዊው ክዋሜ ንክሩማ አቼምፖንግ በቁልቁለት ስኪ ተወዳድሯል። እሱ ስኪ የለመደው እንግሊዝ አገር በሚልተን ኪንስ ከተማ፣ ጣሪያ ሥር በተሠራ የበረዶ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ እዚያ በእንግዳ ተቀባይነት ይሠራ ነበር። አንዱ በጎማ፣ አንዱ በአዳራሽ።

ከቫንኩቨር በኋላ ነገሩ ተቋረጠ። በ2006 ዓ.ም. ሶቺ ላይ ኢትዮጵያ አልነበረችም። በዚያው ወቅት ግን አንድ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር፤ ገንዘቤ ዲባባ በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ፣ በ15 ቀን ውስጥ፣ ሦስት የቤት ውስጥ ሩጫ የዓለም ምርጥ ሰዓቶች አስመዘገበች፤ በካርልስሩኸ 1,500 ሜትር፣ በስቶክሆልም 3,000 ሜትር፣ በበርሚንግሃም ሁለት ማይል። የቤት ውስጥ ሩጫ ምንድን ነው? በረዶ ያለባቸው አገሮች ከበረዶው ሸሽተው ጣሪያ ሥር የፈጠሩት ስፖርት ነው። ገንዘቤ ባለጣሪያ መሮጫ ላይ አላደገችም። እኛ በሌለን አዳራሽ የመጣን ስፖርት በገላጣ ሜዳ ተለማምደን እንበልጥበታለን፤ በሌለን በረዶ የመጣው ላይ ግን አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሞክሮ ተቋረጠ። ልዩነቱን የአየር ጠባይ አያስረዳውም። ለሩጫው ክለብ አለ፣ አሠልጣኝ አለ፣ ምርጫ አለ፣ ታላቅ እህት አለች። ለስኪው ያለው ሮቤል ብቻ ነበር፤ እሱ ሲደክመው የሚቀበል አልነበረም።

ጎማው ራሱ ግን በዓለም ላይ ለብቻው ስፖርት ሆኗል። የባለጎማ ስኪ የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2000 በኔዘርላንድስ ተጀመረ፤ ኔዘርላንድስ ደግሞ ተራራም የላት። በስዊድን ትሮልሄታን ከተማ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ በሚደረገው ውድድር የበረዶ ሻምፒዮኖች በአስፋልት ይፎካከራሉ። በረዶውን ራሱን ማቆየት የመረጡም አሉ፦ ፊንላንዶች እ.ኤ.አ. በ1997 በቩኦካቲ ከመሬት በታች ዓመቱን ሙሉ በረዶ የሚይዝ ዋሻ ሠሩ፤ ስዊድኖች በቶርስቢ፣ ጀርመኖች በኦበርሆፍ ተከተሉ።

ደብረ ማርቆስ ላይ የባለጎማ ስኪ ለመጀመር የሚያስቸግረው ምንድን ነው ብዬ ከተማውን ስመለከት መጀመሪያ የሚታየኝ ኮብልስቶኑ ነው። የውስጥ ለውስጡ መንገድ ጉርብጥብጥ ድንጋይ ስለሆነ ትንሹ ጎማ ይይዘዋል። የዋናው አስፋልት ባለቤት ደግሞ ባጃጅና ሲኖትራክ ነው። ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ሜዳ ሜዳው ላይ ከማለዳው 12 ሰዓት በፊት ይቻላል፤ ከደጀን በታች ወደ ዓባይ በረሃ ያለውን ቁልቁለት በፍሬን አልባ ስኪ የሚሞክር ቢኖር ግን ኑዛዜውን አስቀድሞ ይጻፍ። የጎማ ፍርሃት የሌላቸው ልጆች ግን ሞልተዋል፤ ከጋራዥ በተጣለ ኩሽኔታ ላይ ጣውላ መትተው ቁልቁለት የሚለቁት እነሱ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ በ2008 ዓ.ም. የመጀመሪያው የስኬትቦርድ መጫወቻ ሲሠራ ሜዳውን የሞሉት እንደነሱ ያሉ ልጆች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ ካናዳ ተወልዶ ያደገው ሻነን አበዳ ለኤርትራ በቁልቁለት ስኪ ተሰለፈ፤ በ2022 ቤጂንግ ላይም ተመለሰ። የቤጂንጉ ኦሎምፒክ ሲካሄድ በአካባቢው ተራሮች ላይ የወረደ በረዶ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ተወዳዳሪዎቹ የተንሸራተቱበት ነጭ መንገድ ከሞላ ጎደል ሁሉም ውኃ በማሽን ተረጭቶ የተሠራ ነው። በጅምላ በረዶ የሌለባቸው አገሮች የምንባለው ከዚህ በኋላ በቁጥር የምንበዛ ይመስላል። በዚያ ኦሎምፒክ ከኢትዮጵያ የተመዘገበ ተወዳዳሪ አልነበረም።